የበዛብህ ፍርሃት ለእኛ ምን ይሠራል?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለንባብ ክበብ አስተባባሪዎች፣ ለአማርኛ መምህራንና ለተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ አስተባባሪዎች፣ ተማሪዎች፤

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ዛሬ ለያዝነው ጉዳይ ልክክ ይላል። ጎጃም የጀግና ድርቅ መትቶት አያውቅም። በላይ ዘለቀን ያፈራ አገር ነው፤ ሠርጉም ደቦውም ፉከራና ሽለላ አያጣም። ነገር ግን «ዘራፍ!» ሲል ጣራ የሚነቅለው ጎረምሳ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ይህ አልገባኝም» ለማለት ምላሱ ይተሳሰራል። ከጥይት ፊት የማይሸሽ አባወራ ስብሰባ ላይ ያላመነበት ነገር ሲጸድቅ እጁን ከሌላው ጋር እኩል ያወጣና ማታ ለሚስቱ ያማርራል። የጠማን ውኃ ይኸኛው ነው። ይህ ዓይነቱ ልብ ከልብ ወለድ ንባብ፣ በተለይም የበዛብህ ታሪክ ከሚገኝበት «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ እንዴት እንደሚገኝ፣ በስንት ገጽ፣ በስንት ቀን፣ በምን ዓይነት አነባበብ፣ ደግሞም የት ላይ እንደሚበላሽ እንነጋገራለን።

አስቀድመን ከቃሉ ጋር እንታረቅ። በአማርኛ «ደፋር» ስድብ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። እናት ልጇን «አንተ ደፋር!» ካለችው እያመሰገነችው አይደለም። «ደፈረ» ማለት ወሰን አለፈ፣ ክብር ነካ ማለትም ነው፤ በሴት ላይ የሚፈጸመው ወንጀል እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ ወጣቱን «ድፍረት ይኑርህ» ብላችሁ ስትመክሩት በጆሮው የሚገባው «ባለጌ ሁን» ሊሆን ይችላል። «ጀግና» ስትሉት ደግሞ ጠመንጃ ይታየዋል። «ወኔ» ይነሣል፣ ይቀሰቀሳል፤ ከበሮው ሲያርፍ እሱም ይበርዳል። ለእኛ ሥራ የሚመቸው ቃል «ልበ ሙሉነት» ነው። ልበ ሙሉ ሰው ፍርሃት የሌለው ሰው አይደለም። ፍርሃቱም እዚያው ልቡ ውስጥ አለ፤ ግን ልቡን ብቻውን አልያዘውም። የድርሰቱ ዓይነትም ስሙ «ልብ ወለድ» መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል።

የምንፈራው ምንድን ነው? አውሬ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ የጦር መሣሪያው ተረትና ምሳሌ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»፣ «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ»፣ «ጎመን በጤና» እያልን ነው ያደግነው። ከወዲያኛው ወገን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ፤ ግን በቁጥር ይበለጣሉ። ተማሪዎቻችሁ ከቤታቸው የሚያውቋቸውን የዝምታና የመናገር ተረቶች በሁለት ረድፍ እንዲጽፉ አድርጉ። አንድ የክፍለ ጊዜ እኩሌታ ይበቃል። የትኛው ረድፍ እንደሚረዝም ራሳቸው ያዩታል፤ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

አሁን ወደ መጽሐፉ። የምንጠቀመው ልብ ወለድ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ። የመረጥነው የጎጃም ታሪክ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያ ግን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማንኩሳና ዲማ ጊዮርጊስ ለዚህ አዳራሽ ሰው የካርታ ስም ሳይሆኑ ዘመድ ያለበት አገር ናቸው። የመረጥነው ዋናው ሰውዬ ፈሪ ስለሆነ ነው።

አዎን፣ በዛብህ ፈሪ ነው። ይህን ስንል ቅር የሚለው አንባቢ አይጠፋም፤ መልከ መልካም፣ የቅኔ አዋቂ፣ ድምፁ ያማረ፣ እንዴት ፈሪ ይባላል? ግን ምን እንደሚፈራ ቁጠሩ። እናቱ ለእግዚአብሔር ልትሰጠው የተሳለችውን ስለት ይፈራል። የገበሬ ልጅ መሆኑን፣ የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለወንጌልን ቀና ብሎ ማየቱን ይፈራል። የገዛ ልቡን ይፈራል። ፍርሃቱ ከፍቅሩ ጋር ገጽ በገጽ አብሮ ይሄዳል። ሽለላ በሦስት ደቂቃ ያልቃል፤ ፎካሪው ከመፎከሩ በፊት ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ እንደነበረ አይነግረንም። ልብ ወለድ ሌሊቱን ይነግረናል። ሰው ሲያመነታ፣ ሲወስን፣ መልሶ ሲያፈርስ፣ ጊዜ ወስዶ ያሳየናል። ለፈሪ አንባቢ የሚጠቅመው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የንባብ ክበብ ይሳሳታል። ለዓይን አፋር ልጅ የጀግና ታሪክ ይሰጡታል። ልጁ ያነባል፣ ያደንቃል፣ መጽሐፉን ዘግቶ «እሱ ሌላ ፍጥረት ነው» ይላል። አድናቆት ርቀት ይፈጥራል። ፈሪውን ገጸ ባሕርይ ሲያገኝ ግን መጀመሪያ ይናደድበታል፤ «ምን ነካው፣ ለምን አይነግራትም!» ይላል። ያን ጊዜ ደስ ይበላችሁ፤ ንዴቱ የዝምድና ምልክት ነው። ሰው በማያገባው አይናደድም። ጉዱ ካሳስ? ጉዱ ካሳ ያመነበትን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነው፤ ለዚያም ነው አገሩ ስሙን ወስዶ «ጉዱ» ያለው። እሱን እንደ መድረሻ እንጂ እንደ መነሻ አትያዙት። ከእሱ የሚጀምር አንባቢ ወይ «እኔ አልችለውም» ብሎ ይተወዋል፣ ወይም ማግስቱን አባቱን ሰድቦ ይመጣል።

የቅኔ አገር ሰዎች ስለሆናችሁ በእናንተው ቋንቋ ልበለው። የዚህ መጽሐፍ ሰሙ ፍቅር ነው፤ ርእሱም ይናገራል። ወርቁ «እንቢ» ማለት ነው። ማን፣ ለማን፣ መቼ እንቢ አለ? ማን ማለት ሲገባው ሳይል ቀረ? በአበጀ በለው መሪነት ገበሬዎቹ ለፊታውራሪ መሸሻ እንቢ ይላሉ። ሰብለወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ ትወጣለች። ጉዱ ካሳ ለወገኖቹ ለራሳቸው እንቢ ይላል። በዛብህ ለስለቱ እንቢ ለማለት ሲታገል ይኖራል። መጽሐፉን በዚህ ጥያቄ ስታነቡት ከልጅነታችሁ የምታውቁት ታሪክ ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

የአነባበቡ መሣሪያ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። እስክሪብቶ አይሁን፤ መጽሐፉ ተዋውሶ የሚዞር ነው። የደብተሩን ገጽ በ4 ዓምድ ክፈሉት፦ «ምን ፈራ»፣ «ምን አደረገ»፣ «ምን ከፈለ»፣ አራተኛው «እኔስ»። ሦስቱን እያነበባችሁ ትሞላላችሁ፤ አራተኛውን የመጀመሪያዎቹን 100 ገጾች እስክትጨርሱ አትንኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንባቢ ገና በጠዋቱ ስለ ራሱ መጻፍ ከጀመረ ገጸ ባሕርዩን ይረሳውና የራሱን ብሶት ያወርዳል። ብሶት ደግሞ ልብ አይሞላም፤ ያደክማል።

በ«ምን ፈራ» ዓምድ «ፈራ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የፍርሃቱን ስም ጻፉ፦ መዋረድን፣ መገለልን፣ መደብደብን፣ እርግማንን፣ ሰው ማስቀየምን፣ መሳሳትን። ስድስቱ በአንድ ቃል «ፍርሃት» ቢባሉም መድኃኒታቸው ይለያያል። መሳሳትን የሚፈራ ልጅ ቀስ በቀስ በመሳሳት ይድናል። መደብደብን የምትፈራ ልጅ ግን ከፍርሃቷ ጋር እንድትጋፈጥ መምከር ጥፋት ነው፤ የእሷ ፍርሃት ትክክል ነውና መከላከያ ያስፈልጋታል። ይህን ልዩነት የማያውቅ አስተባባሪ መጽሐፉን ባይነካው ይሻላል።

«ምን ከፈለ» የሚለው ዓምድ ብዙውን ጊዜ ባዶ ይቀራል። አንባቢው እርምጃውን ይወዳል፣ ዋጋውን ይዘለዋል። ጉዱ ካሳ ስለ መናገሩ ስሙን ከፍሏል፤ በዛብህ ሸሽቶ አዲስ አበባ ሲገባ አገሩን ከፍሏል። እዚሁ ዓምድ ሥር በትንሹ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ዝም ቢልስ ምን ይከፍል ነበር?» ዝምታ ነጻ ይመስለናል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ በዘር እያነሡ ሲመልሱ የሰብለወንጌል ዕድሜ ነጎደ፤ ያ ዕድሜ የማን ዝምታ ዋጋ እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይጻፈው።

ገጹስ እንዴት ይከፋፈል? ለገጠርና ለከተማ እኩል የሚመች ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። አውድማው ተነሥቷል፣ የጥር ሠርግ አልፏል፣ ሠርግም ድግስም የለም። ክረምት ለንባብ ያመቻል የሚባለው ለከተማ ሰው ነው፤ ገጠር ሐምሌና ነሐሴ ዘርና አረም ነው፤ ልጁን መጽሐፍ ይዞ ቁጭ በል ማለት ከአባቱ ጋር ማጣላት ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። ሰሙነ ሕማማት የራሱ ንባብ ስላለው እስከ ሆሳዕና መጨረስ ይሻላል፤ በቀን ከ11 እስከ 12 ገጽ ያደርሳል። ጧት አንብቡ፤ ከሰዓት በኋላ የጾሙ ረኃብ ዓይን ይይዛል። አንድ ቀን ከቀረ በማግስቱ እጥፍ አታንብቡ፤ ሁለት ቀን በተከታታይ 24 ገጽ ያነበበ ሰው በሦስተኛው ቀን ያቋርጣል። የቀረውን ለእሑድ አቆዩት።

መጽሐፉ አንድ ብቻ ከሆነ በድምፅ ይነበባል። ይህ ችግር ሳይሆን ዕድል ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን ልብ ወለድ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሕዝብ በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ አውቆታል። ቅጂው ዛሬም ይገኛል፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ከዚያ የተሻለ የለም። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ ተራኪው አያቆምላችሁም። ስለዚህ በየ15 ደቂቃው ራሳችሁ አቁሙትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «አሁን ማን ምን ፈራ?»

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ግን ደብተር ላይ ይቀራል፤ ሥራ ካልተከተለው። ንባብ ብቻውን ልብ ይሞላል የሚል ካለ ያነበበውን ሁሉ ይቁጠርና ይንገረን። ንባቡ የሚሰጠው ማየት ነው፦ የፍርሃቴ ስም ይህ ነው፣ ሌላም ሰው ፈርቶታል፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው። ወደ እግር የሚወርደው በትንሽ እርምጃ ነው፤ እርምጃውም ካነበባችሁት ክፍል ሁለት ቀን ሳያልፍ መደረግ አለበት። ከዚያ ከዘገየ ስሜቱ ይበርድና የሚቀረው «ጥሩ መጽሐፍ ነበር» ብቻ ይሆናል።

የእርምጃውን መጠን ከየት እንማር? ከቅኔ ቤት። ጎጃም ሁለት ዓይነት ዘረፋ አለው፦ የፎካሪው «ዘራፍ» እና የባለቅኔው ቅኔ ዘረፋ። የመጀመሪያው በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ሁለተኛው በቤት በቤት፣ ማለት በመስመር በመስመር ተለክቶ ነው የሚደረስበት። ጀማሪው ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለት ይደርሳል፤ 2 ቤት ብቻ። ዘአምላኪየና ሚበዝኁ 3 ቤት ናቸው፤ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፤ መወድስ ላይ ሲደርስ 8 ቤት ይሞላል። ተማሪው ቀኑን ከዛፍ ሥር ሆኖ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፤ ካልጣማቸው ያፈርሱታል። የፈረሰበት ልጅ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ማንም ገና በገባ በሳምንቱ «መወድስ ዝረፍ» አይባልም፤ ማንም ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጉባኤ ቃና ላይ አይቀመጥም። አስቡት፤ ያ ልጅ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከውሻ ጋር እየታገለ ነው የተማረው። ዲማ ጊዮርጊስ ሳለ በዛብህም የዚህ ትምህርት ልጅ ነበር። ቅኔን በመስመር ለክቶ የተማረ ሰው ፍቅሩን በመስመር ለክቶ መናገር አለመማሩ ከታሪኩ አሳዛኝ ነገሮች አንዱ ነው፤ ይህ የኛ አስተያየት ነው፣ የማይስማማ ይከራከረን።

እንግዲህ በሰው ፊት መናገር የሚፈራ ተማሪ እንውሰድ። ጉባኤ ቃናው ከመጽሐፉ ግማሽ ገጽ ብቻውን በር ዘግቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ሦስት ቀን። ቀጥሎ ያንኑ ግማሽ ገጽ ለአንድ ሰው፣ ለእኅቱ ወይም ለጓደኛው ያነባል። ቀጥሎ በክበቡ ፊት፤ ተቀምጦ። ቀጥሎ ቆሞ። ከዚያ ንባቡን ይተውና በክበቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ በራሱ ቃል ይጠይቃል። ከዚያ ጥያቄውን ክፍል ውስጥ ይጠይቃል። መወድሱ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «በዚህ አልስማማም» ማለት ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ይመዝግብ። ቁጥሩ ወደ እኩሌታው ሲወርድ ወደሚቀጥለው ይለፍ። ከመጀመሩ በፊት 8 ወይም 9 የሚል ከሆነ ደረጃው ረዝሟል፤ ለሁለት ክፈሉት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የተናገረ ሰው ይህን ነገር ሳያውቅ አልቀረም።

አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፦ መሐል ላይ አቋርጦ አለመውጣት። ሰው ሲፈራ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ጫፍ ላይ ይደርስና ሰውዬው እዚያው ከቆየ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሳለ ሮጦ ከወጣ ግን ወዲያው እፎይ ይላል፤ ያ እፎይታ «ያዳነህ መሸሽህ ነው» ብሎ ያስተምረዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ጨምሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ድምፁ የተቆራረጠ ልጅ ቢያንስ ያን አረፍተ ነገር ይጨርስ፤ ማንም አያግዘው፣ ማንም አይሳቅ፣ ማንም «አይዞህ» እያለ አያቋርጠው። «አይዞህ» ከንባቡ በኋላ ነው ቦታው።

ስለ ክበቡ ራሱ ባጭሩ። ከ6 እስከ 8 ሰው ይሁን፤ ከ10 ካለፈ ዝም የሚሉት መደበቂያ ያገኛሉ። 20 ደቂቃ ንባብ፣ 10 ደቂቃ ጽሕፈት፣ ከዚያ ወግ። የመናገር ተራው ከታናሽ ይጀምር። በእኛ ሥርዓት ታላቅ ቀድሞ ይናገራል፤ ክቡር ሥርዓት ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፤ ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ሌላ ሐሳብ ያለው ልጅ ሐሳቡን ይውጠዋል። ታላላቆቹን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ስትነግሯቸው ይገባቸዋል። ሴቶች ጥቂት ከሆኑ ከበር አጠገብ ጥግ ይዘው እንዳይቀመጡ፤ ክብ ሠርታችሁ በመሐል በመሐል ይሁኑ። ማንም ስለ ራሱ እንዲናገር አይገደድ፤ «እኔስ» የሚለው ዓምድ የግል ነው።

ደግሞ የመናገሪያውን አረፍተ ነገር ራሱን አለማምዷቸው። ልጆቻችን እንቢ ማለት የማይችሉት ልብ ስላነሳቸው ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ስለሌላቸውም ነው። ከዝምታና ከስድብ መካከል ያለው አረፍተ ነገር አልተማሩትም። ሦስት ክፍል አለው፦ አክብሮት፣ ጉዳዩ፣ ጥያቄ። «ጋሼ፣ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን መሬቱ እንዲህ ቢከፈል ይጎዳኛል፤ እንደገና እንየው።» «እማዬ፣ ላስከፋሽ ብዬ አይደለም፤ ይህን ትምህርት አልወደድኩትም፤ አንድ ጊዜ ተቀምጠን እናውራበት።» በአንቱና በአንቺ የሚነገር እንቢታ ከጩኸት ይልቅ ይከብዳል፤ ሰሚው የሚቆጣበት ሰበብ ያጣል። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ አባት፣ አንዱ ልጅ ሆኖ ይለማመዱት፤ ሦስት ጊዜ፣ ሦስተኛው ላይ «አባት» የሆነው ይቆጣ።

የሚበላሽባቸውን ቦታዎች በመካከል እየጠቀስን መጥተናል፤ ሁለቱ ግን ለብቻ መነሣት አለባቸው። አንደኛው እንባ ነው። የመጽሐፉ መጨረሻ ያስለቅሳል። ያለቀሰ አንባቢ አንድ ነገር የሠራ ይመስለዋል፤ ደረቱ ይቀለዋል፣ ደብተሩን ይዘጋል። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን አታወያዩ። አንብባችሁ ተበተኑ፤ ሦስት ቀን ቆይታችሁ ተገናኙ። ሁለተኛው የችኮላ እርምጃ ነው። ሰብለወንጌልን አንብባ ማታውን ከቤት ልትወጣ የምታስብ ልጅ ልትኖር ትችላለች። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ተደግሶላት ከሆነ የመጀመሪያዋ እርምጃ መሸሽ ሳይሆን ለአንድ ለምታምነው ትልቅ ሰው፣ ለአክስቷ ወይም ለመምህሯ መንገር ነው። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ የወሰነው ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን፣ በወረዳዋ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል ጽሕፈት ቤት መኖሩን ትወቅ። አስተባባሪው ክበቡ ከመጀመሩ በፊት ቢሮውን በአካል ሄዶ ይወቀው፤ ልጅቷ እያለቀሰች ፊቱ በቆመችበት ሰዓት አድራሻ አይፈለግም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን እንጨምር።

አንድ አባት «ልብ ወለድ የፈጠራ ወሬ ነው፤ ከውሸት እውነተኛ ልብ እንዴት ይወጣል?» ብለው ጠየቁ። አባታችን፣ ጌታም ያስተማረው በምሳሌ ነው። ያ አባካኙ ልጅ ቤቱ የት ነበር፣ ስሙ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወደ አባቱ የተመለሰበትን መንገድ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የቅኔውም ሰም እኮ እንደዚሁ ነው፤ ማንም ለሰሙ ብሎ አይቀኝም።

አንድ መምህር ለመወያያ ሌላ መጽሐፍ መጠቀም ይቻል እንደሆነ አነሣ። ይቻላል፤ መመዘኛው ሁለት ነው። ገጸ ባሕርዩ ሲያመነታ ለማየት ጊዜ የሚሰጥ ረጅም ታሪክ ይሁን፤ ፍርሃቱም አንባቢው በገዛ ሰፈሩ የሚያውቀው ዓይነት ይሁን። አጭር ልብ ወለድ ለጀማሪ ክበብ ለአንድ እሑድ ይሆናል፤ ለደረጃው ሥራ ግን አይበቃም።

አንዲት ተማሪ ደግሞ በቀጥታ ጠየቀች፦ «ሰብለወንጌል ደፍራ ወጣች፤ መጨረሻዋ መቃብር ሆነ። ታዲያ ምን ልማር?» የዕለቱ ከባድ ጥያቄ እሱ ነበር። የመጽሐፉ መጨረሻ ለድፍረት ደመወዝ አይከፍልም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን ውለታ አልዋሉልንም። ስለዚህ ሦስተኛውን ዓምድ ሁለት ጊዜ ሙዪው፦ አንድ ጊዜ እንደተጻፈው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቤቷ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ብለሽ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አይተሽ እሑድ ለክበቡ ንገሪ። እኛ እዚህ ከተናገርነው ያንቺ ሥራ ይቀራል።

የመጨረሻው ጉዳይ መጽሐፉን ማስረከብ ነው። ክበቡ ሲያበቃ መጽሐፉ ወደሚቀጥለው ቡድን ይሄዳል። ጠርዙ ከተፈታ በሙጫና በጨርቅ አስይዙት፤ ስኮች ቴፕ በአንድ ክረምት ይለቅቃል፣ ወረቀቱንም ቢጫ ያደርገዋል። በእርሳስ የተሰመረውን ግን አታጥፉ። ደብተሩ የግል ነው፣ መስመሩ የጋራ ነው፤ የሚቀጥለው ልጅ በዛብህ ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ የዘጋበት ገጽ ላይ ሲደርስ ከእሱ በፊት እርሳሱን ጫን አድርጎ ያሰመረ ሰው እንደነበረ ያያል።